በገዛ ከተማችን ሁለት ሌሊት

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ዛሬም እንግዳ የለም። እስከ አራት ሰዓት ቲኬት ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። መታወቂያዬ አንገቴ ላይ፣ ጫማዬ የተወለወለ። ሁለት ጀርመኖች መጡ፤ አስጎብኚ ይዘዋል። ባልደረባዬ ነው። ቤተ መድኃኔዓለምን «የአሥረኛው ክፍለ ዘመን» ሲል ሰማሁት። አሥረኛው! ጣልቃ ገብቼ አረምኩት። ጀርመኖቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ልክ ነበርኩ... ልክ ስሆን ለምን ሰው ይሸሸኛል?

ቤት ስገባ ወለላ ሽንኩርት ትከትፋለች። በሩን ክፍት ትታዋለች።

«ዝንብ ይገባል ስንት ጊዜ...» ጀመርኩ።

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ደሴ ልሄድ ነው።»

«ለምን?»

«ምሥራቅ ሱቁን ብቻዋን አልቻለችም።»

«ለስንት ቀን?»

«እንጃ።»

ምሥራቅ እህቷ ናት። ሱቁን አሥር ዓመት ብቻዋን ችላዋለች። ወለላ ደግሞ የምታደርገውን የማታውቅ ሴት አይደለችም።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሆቴሉ የላይኛውን ፎቅ ዘግቶ ወለላን ካሰናበታት አራት ወር ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ አንጥፋበታለች። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ከእንግዳ ጋር፣ እሷ ከአንሶላ ጋር ውለን፣ የምንገናኘው ራት ላይ ነበር። አሁን ሁለታችንም ቤት ነን። ልጆቹ ወጥተዋል። የምቆጣው ሰው እሷ ብቻ ቀረች።

ይህን ጽፌ ሳነበው አፈርኩ። አልሰርዘውም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከመሄዷ በፊት ሁለት ሌሊት የሆነ ቦታ ብንወጣስ? ሰው ዕረፍት ይወጣ የለ? ጎንደር... ባሕር ዳር... ስልኬ ላይ ሆቴል ስመለከት ዋልኩ። «ሰላማዊ፣ ምቹ፣ ለቤተሰብ ተስማሚ።» ሁሉም እንዲያ ይላል። ፎቶው ላይ ግን የመጋረጃው ጫፍ ቆሽሿል። ለፎቶ እንኳ አላጠቡትም!

ለወለላ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«መንገዱን አታውቀውም? ሁለት ቀን ለማረፍ ሁለት ቀን መንገላታት?»

«ታዲያ የት?»

«እዚሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ያን ሁሉ አልጋ ሳነጥፍ አንዱ ላይ ተኝቼ አላውቅም።»

ቀልድ ነበር? እንጃ። እኔ ግን ይዤዋለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ሆቴል ምርጫ። እሷ የሠራችበትን ትቼ ሦስት አየሁ።

የመጀመሪያው ሙቅ ውኃ አለን ይላል። ከፈትኩት። እስከ መቶ ቆጠርኩ። በረዶ። «ጋሼ፣ የምናበራው እንግዳ ሲመጣ ነው» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ፍሬ። «እንግዳው እኔ ነኝ» ስላት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ በሞትኩት! ከእትዬ ወለላ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

ወጣሁ።

ሁለተኛው ግድግዳው ላይ የከተማችንን ካርታ ለጥፏል። ዮርዳኖስ ወንዝ በሌለበት ቦታ ይሄዳል። እዚያ አልተኛም።

ሦስተኛው የደሞዝ ነው። ደሞዝ ድሮ አብሮኝ ያስጎበኝ ነበር፤ አሁን ገደሉ አፋፍ ላይ አሥር ክፍል አለው። ስምንተኛው ክፍል በረንዳ አለው፣ ሸለቆው ቁልቁል ይታያል። በሩ ይዘጋል፣ ውኃው ይሞቃል፣ አምፖሉ አይርገበገብም። እንከን ፈልጌ አጣሁ። እሱም አናደደኝ።

«ለማን ነው?» አለ ደሞዝ።

«ለእኔና ለወለላ።»

«የገዛ ሚስትህን ጠልፈህ ልታመጣት?»

«ለሚመጣው ዓርብ። አፍህን ያዝ።»

«እኔ?» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ደሞዝ አፉን ይዞ አያውቅም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የንስሐ አባታችን አባ ገብረመስቀል ሳንጠራቸው መጡ። መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ልጆቼ፣ ምን አጣላችሁ?»

ወለላ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው።

«ኧረ ምንም አባ። ተጣሉ ያለዎት ማን ነው?»

«ከተማው ነዋ! ኢያቄም ከቤት ወጥቶ አልጋ ሊይዝ ነው ተባለ። በዚህ ዕድሜ... ልጄ፣ አይገባም።»

ማስረዳት ግድ ሆነ። ለሁለታችን ነው አልኩ። ለዕረፍት። አባ ጥቂት አዩኝ።

«ቤታችሁ ያፈሳል?» አሉ።

ወለላ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ። ሥራ ከተወች ወዲህ ስትስቅ አልሰማሁም።

«እንግዲያው ሰላም ናችሁ» አሉ አባ ሲነሡ።

ወለላ እንባዋን ጠርጋ ወደ በሩ አየች። አባ መቋሚያቸውን አንሥተው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ባርከውን ሄዱ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ፕሮግራም አወጣሁ። ቅዳሜ 2፡30 ቤተ መድኃኔዓለም፤ 3፡20 ቤተ ማርያም፤ ከሰዓት 10፡00 ቤተ ጊዮርጊስ፣ ብርሃኑ የሚያምረው ያኔ ስለሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስ። መኪና ተነጋግሬያለሁ። በሁለት ቅጂ ጻፍኩት፣ አንዱ ለእሷ።

ለራሴ ደግሞ ከግርጌው አንድ ቃል፦ አትቆጣ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ከቤታችን ደሞዝ ሆቴል የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አርባ ፈጀብን። በየደጁ «በሻንጣ ወዴት ነው?» ይሉናል። እኔ አቀረቅራለሁ። ወለላ «ሽርሽር!» ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ቆንጆ ናት... ይህን ነግሬያት ነበር? አልነገርኳትም።

ክፍሉ ገብታ አልተቀመጠችም። ትራሱን አሸተተች። ፍራሹን ብድግ አድርጋ ከሥሩ አየች።

«አንሶላው ሳይደርቅ ነው የታጠፈው።»

ለደሞዝ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ከእጄ ወሰደችው።

«እንድትከሰው አይደለም። ወግ ነው የያዝኩት።»

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት ተቆጣሁ። አንድ ቀን እንኳ አልቻልኩም።

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ አልጋውን አንጥፋዋለች። ማዕዘኖቹ እንደ ፖስታ ታጥፈዋል። «ለዚህ ነው ያመጣሁሽ? ዛሬ እንኳ ማረፍ አቃተሽ?» ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«እጄ ነው» አለች። «ማንም አላዘዘኝም።» ፊቷን ልትታጠብ ገባች።

በሩ ተንኳኳ። ክፍል የምታጸዳዋ ወለተ ሐና ነች፣ አንሶላ ታቅፋ። አልጋውን አየች። ማዕዘኑን በጣቷ ነካችው።

«ይቺማ የእትዬ ወለላ እጅ ናት!»

ወለላ ፊቷ እንደረጠበ ወጣች። ሥራ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ተቃቀፉ። አንሶላውን ዘርግተው ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ስለ አጣጠፍ ሲከራከሩ... እኔ ፕሮግራሜን ይዤ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት ዋልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን የእንግዶቼን ስም ሁሉ ታውቃለች።

አመሻሽ። ሳልረሳው ልጻፈው።

ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመናል። «ለፈረንጆቹ እንደምትነግራቸው ንገረኝ» አለች። ጀመርኩ። በአማርኛ ስናገረው ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈለ ነገርኳት።

«ጣሪያው መጨረሻ ነው የተሠራው?»

«የለም፤ ከጣሪያው ነው የተጀመረው። አየሽ፣ እኛ የቆምንበትና ጣሪያው እኩል ነው...»

ወረድን። ጫማችንን አወለቅን። ተሳልመን ስንወጣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ጣሪያውን በምን አወጡት?»

«አላወጡትም። እዚያው ነበር። ወደ ታች የወረዱት እነሱ ናቸው።» እጄን ከላይ ወደ ታች አንሸራትቼ አሳየኋት።

መውጫው ላይ ሦስተኛ ጠየቀችኝ። ያንኑ። ዝግ ብዬ መለስኩ፣ ሌላ ምሳሌ ፈልጌ።

ቆመች።

«ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ድምፅህን ልሰማው ነዋ። ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅሁህ፤ አልተቆጣህም። ቤት ውስጥ ቁልፉን የት አደረግኸው ብዬ ሁለቴ ብጠይቅህ...»

አልጨረሰችውም።

«እንዲህ ያለ ድምፅ ያለህ አይመስለኝም ነበር። ለካ አለህ። ለሌላ ሰው።»

ፕሮግራሜን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ መኪናው ቆሞ ይጠብቀናል። ወለላ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። መግባት አልፈለገችም። ሰዓቴን አየሁ... ከዚያ ጠየቅኳት።

«አንቺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ፕሮግራሙን በሁለት ቅጂ ስጽፍ አልጠየቅኳትም ነበር።

«በረንዳው ላይ መቀመጥ። ማንም ሳይጠራኝ።»

ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቄ አሰናበትኩት። ተቀመጥን። ፊት ለፊት ያሉትን ተራሮች ስማቸውን አውቃለሁ፣ ከፍታቸውን አውቃለሁ። አልተናገርኩም። እሷ ተናገረች። አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ነበረች አለች። የምትሄድ ዕለት አልጋዋን ራሷ አንጥፋ፣ ትራሱ ላይ አንዲት አበባ አስቀምጣ ወጣች። «ክፍሉን ዘግቼ አለቀስኩ። ምን እንዳስለቀሰኝ እስካሁን አላውቅም።» ይህ የሆነው ስንት ዓመቱ ነው? አሥራ አንድ። ያን ዕለት ማታ ቤት ነበርኩ። ስለ ምን እያወራሁ ነበር?

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጠየቅኳት።

«ደሴ... ለዘለቄታው ነው?»

«አላውቅም። እዚህ ሆኜ ማሰብ አልቻልኩም። ገና ሳልጀምር አንተ ትጨርስልኛለህ።»

የፈራሁት መልስ ሁሉ ከዚህ ይሻል ነበር። ልከራከር አፌን ከፈትኩ።

«ሂጂ» አልኩ።

እጄን ያዘችው። እስክንገባ አልለቀቀችውም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ሄደች። በወልድያ። ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ ራሴ አሰርኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ይህ መንገድ ላይ ይፈታል» አለኝ። ፈታሁለት። እሱ አሰረው።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የሚጮኸው እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል። «ትሰማኛለህ?» አራት ጊዜ። አራት ጊዜም እሰማሻለሁ አልኩ። ስለ እኔ ያወራሁት ጥቂት ነው፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ምሥራቅ ጉልበት፣ ስለ ጎረቤቷ ስጠይቅ ቆየሁ። «ምነው፣ ደህና አይደለህም?» አለችኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ትናንት ጠዋት ደወለች።

«አራት ሆቴል ገብቼ አየሁ።»

«ማን ሊያርፍበት?»

«እኔና አንተ እንጂ! ዓርብ ና። ምሥራቅ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሦስቱን ጥያለሁ፣ አራተኛውን ይዣለሁ። እሑድ ድረስ።»

«ምን ላምጣ?»

«ምንም። ፕሮግራም እንዳታመጣ። ከተማውን የማሳይህ እኔ ነኝ፤ አንብበህ እንዳትመጣብኝ።»

«እሺ።»

«መቼ ትመለሻለሽ ብለህም እንዳትጠይቀኝ። ገና እያሰብኩ ነው።»

«አልጠይቅሽም።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«ናፍቀኸኛል እኮ፣ አንተ ሰውዬ» አለችና ዘጋችው።

ደሴን በአውቶቡስ መስኮት ነው የማውቃት። ዛሬ ስልኬን ከፍቼ «ደሴ» ብዬ ጻፍኩ... አጠፋሁት። ሚኒባሱ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣል። ሸሚዝ ሁለት፣ ሹራብ አንድ። ምን እንደምታሳየኝ አላውቅም።