የተሰፋ እጅጌ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስፌቱን በመቀስ በጣጠስኩት። ክሩ ጠንካራ ነው፣ ከሥራ ቦታ ያመጣሁት የሱሪ ክር። ማታ ማታ የሽማግሌውን ባሌን የሌሊት ልብስ እጅጌ ከእኔ እጅጌ ጋር እሰፋዋለሁ። ካልሰፋሁት ተነሥቶ ይሄዳል። አምና በንጋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ተገኘ። ከተሰፋ ግን ሲነሣ ይጎትተኛል፤ እነቃለሁ፤ መልሼ አስተኛዋለሁ። እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ።

ቀኑን ሙሉ ላውንድሪው ጓዳ ውስጥ የሰው ዚፕ ስቀይር ዋልኩ። ቤት ስገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ስትጠብቀው የዋለችው ጎረቤቴ አጠገቡ አንቀላፍታለች።

«እትዬ፣ ይሻገራሉ?» አለኝ።

ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ቀዛፊ ነበር፣ ሰው ወዲያ ማዶ የሚያሻግር። አሁን እኔም ተሳፋሪ ሆኛለሁ። ወልጄለት፣ አጥቤለት፣ መጨረሻዬ እትዬ! ስሜን ከጠራው ቆየ።

«ዛሬ አልሻገርም» አልኩት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምለው። ያኔ ይረጋጋል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ወንዱ ልጄ ደወለ። ሐይቅ ዳር የእንጨት ቤት ተከራይቷል፤ ቅዳሜና እሁድን አብረን እንድናሳልፍ። እማዬ ትረፍ ብሎ ነው አሉ። ለማረፍ ሐይቅ ምን ያደርጋል? እኔን የሚያሳርፈኝ አልጋ ነው።

እህቱም ትመጣለች። ረዳት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ ልጅ ሆና ከጀልባው አትወርድም፣ ገመድ ያዥው እሷ ነበረች። ለእኔ በወር አንዴ ስልክ ናት፣ ያውም እየተጣደፈች።

ይህን የምጽፈው በማታ ትምህርት ቤት በተማርኩት ፊደል ነው። «ፊደል ምን ያደርግልሻል? እኔ አነብልሻለሁ» ይለኝ ነበር። የፈለገውን ያነብልኛል፣ ያልፈለገውን ይዘለዋል… እሱ ማንበብ ሲያቅተው ሄጄ ተመዘገብኩ። ከእሱ ሲወጣ ወደ እኔ ገባ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ደረስን። ቤቱ ርጥብ እንጨት ይሸታል። ሁለት መኝታ ክፍል፣ የሚንቋቋ ወለል፣ ከበረንዳው ሲወርዱ ውኃው። አንዲት ጀልባ ከምሰሶ ታስራ ቆማለች።

ከራት በኋላ መርፌዬን ሳወጣ ረዳት አየችኝ። ምን ልትሰፊ ነው አለች። አሳየኋት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬን እንደ ቁልፍ ትሰፊዋለሽ?»

ወንድሟ ሳቀ፤ ከዚያ አቀርቅሮ ሳህኑን ማየት ጀመረ። አጠገቡ ተኝታችሁ እዩትና ያኔ ተናገሩ አልኳቸው። ሰፋሁት። እሱማ እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ያየኛል፣ ልኬቱ እንደሚወሰድ ሰው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጉድ አየሁ። ልጆቹ ጀልባው ላይ አስቀመጡትና መቅዘፊያውን ሰጡት። ማንኪያ በየት በኩል እንደሚያዝ የጠፋበት ሰውዬ ቀዘፈ! ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ውኃው ሳይረጭ። ረዳት እያለቀሰች ትስቃለች። መልሶ አመጣቸው፤ ገመዱንም ራሱ ምሰሶው ላይ አሰረ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ደስ አላለኝም። መቅዘፊያውን ያወቀ እጅ እኔን እንዴት ረሳ?

አመሻሽ ላይ ረዳት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዛሬ አንቺ ለብቻሽ ተኚ፣ እኔ ከአባዬ ጋር አድራለሁ አለች። መርፌ ግን አትይዝም። ሻርፗን የእጁ አንጓ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የራሷ እጅ ላይ አሰረች። ቋጠሮውን አየሁት። የጀልባው ቋጠሮ ነው፣ ልጅ ሆና እሱ ያስተማራት። ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ ጫፉን ሲስቡት ይፈታል። ጥሩ አድርጋ ነው ያሰረችው። ምን ልበላት? ሚስቱን የረሳ ቋጠሮ ያስታውሳል?

ክፍላቸው በር ላይ ቆሜ ደኅና እደሩ ስል ቀና አለ።

«እትዬ፣ ይሻገራሉ?»

«ብቻህን ተሻገር፤ እኔ ዛሬ እተኛለሁ» አልኩት።

ሁላቸውም ሳቁ። እሱም ሳቀ።

አልጋው ሰፊ ነው። እጄን ወደፈለግኩበት እዘረጋለሁ…

ኅዳር 14፣ እሁድ

የለም። ጀልባውም የለም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ልጻፈው።

ትናንት ፀሐይ ወጥታ ነው የነቃሁት። እንዲህ የተኛሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ሕልም እንኳ አላየሁም። ይህን ለማንም አልናገርም። የቀሰቀሰኝ የረዳት ጩኸት ነው። አልጋው ላይ ሻርፑ አለ፤ አልተበጠሰም፣ አልተቀደደም። ተፈትቷል።

ወንዱ ልጄ በዳርቻው ሮጠ። የቤቱ ጠባቂ ሌላ ጀልባ ይዞ ወጣ። እኔ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ውኃው ላይ ምንም አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ወዲያ ማዶ አገኙት። ጀልባው ውስጥ ተቀምጧል፣ መቅዘፊያዎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ። የሌሊት ልብሱ ረጥቧል። ሐኪሙ ብርዱን ልቡ አልቻለውም አለ። ጠባቂው ግን አንድ ነገር ነገረኝ፤ ገመዱ ከጉቶ ጋር ታስሮ ነበር። በደንብ። ሲፈቱት ጫፉን መሳብ ብቻ በቃ።

ተሻገረ። ብቻውን። እንዳልኩት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ቀበርነው።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ሥራ ገባሁ። የላውንድሪው ባለቤት ሌላ ሳምንት ዕረፊ አለኝ። ዕረፊ የሚለኝ ሰው በዛ።

ማታ አልጋው ላይ ተቀምጬ ሳላስበው መርፌው ውስጥ ክር አስገብቻለሁ። ማንን ልሰፋ?

ረዳት እኔ ጋ ናት። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። አትበላም። በወሬ መሐል ትነሣና በሩ መቆለፉን ታያለች።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ትናንት ሲነጋጋ አልጋዋ ባዶ ነበር። ወጣሁ። ደጅ ላይ ቆማለች፣ በባዶ እግሯ፣ እንደ አባቷ። እጇን ይዤ አስገባሁና እግሯን በሙቅ ውኃ አጠብኩ። አልተቃወመችም። እግሯን ሳደርቅላት ጠየቀችኝ።

«ቋጠሮውን አላጠበቅኩትም ነበር እንዴ፣ እማዬ?»

«አጥብቀሽዋል። እሱ እንዳስተማረሽ ነው ያሰርሽው።»

«እሱ ያስተማረኝ መሆኑ ነዋ የገደለው፤ መፍቻውን ያውቃል።»

ምን ይባላል? አይደለም ብላት ውሸት ነው። አዎ ብላት ገደልኳት። ቋጠሮውን እኔም አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው ብዬ ሄጄ ተኝቻለሁ አልኳት። የማናችን ሞኝነት እንደሚብስ አላውቅም አልኳት። ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ለዚያ ሽማግሌ እንባዬን ከጨረስኩ ቆየሁ… ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ገና ሳይመሽ እንቅልፍ አዳፋት። ጋደም እንዳለች መርፌዬን አወጣሁ። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች።

«እንደ ቁልፍ?» አልኳት።

«እንደ ቁልፍ» አለችና እጇን ሰጠችኝ።

ተኝታለች። እንደ አባቷ ታንኮራፋለች፣ እዳዬ ነው። ፊደሌ ዛሬ ተንጋዷል፤ ቀኝ እጅጌዬ ከእሷ እጅጌ ጋር ተሰፍቷል፣ ብዕሩን በገፋሁ ቁጥር እጇ አብሮኝ ይሄዳል።