የሻሼ ወተት በማግኔት ፊት

ሰኞ

ፈዘዘ። ዓይኔን ጠራርጌ አየሁት፤ ያው ነው፣ ፈዟል።

አዲሱን የወተት መመርመሪያ ዛሬ ከፈትነው። ድሮ ናሙና አዲስ አበባ ልከን ውጤቱ እስኪመጣ ላሟ ትነጥፋለች፤ ይኼ ግን እዚሁ ላብራቶሪያችን ውስጥ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። ውስጡ ያሉት ከዱቄት የደቀቁ የብረት ቅንጣቶች ናቸው፤ የሻጋታ መርዝ የሚይዝ ነገር ተቀብተዋል። ወተቱ ውስጥ ገብተው መርዙን ይለቅማሉ። ማግኔት ሲጠጋቸው ብልቃጡ ጎን ላይ ይለጠፋሉ፣ ወተቱ ይደፋል፣ ቅንጣቶቹ ይታጠባሉ፣ ቀለም ይጨመራል። ሰማያዊው ከደመቀ ወተቱ ንጹሕ ነው። ከፈዘዘ መርዝ አለበት።

"ለመለማመጃ ንጹሕ ወተት ማን ያመጣል?" ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ከጋፋት በየጠዋቱ ለልጄ ለሚጡ በሃይላንድ የሚልኩት የላማቸው የሻሼ ወተት አለ አይደል! ከሱ የነጻ ከየት ይገኛል? የሚጡ ጥርስ ሁሉ በሻሼ ወተት ነው የወጣው።

እጄ ነው የተሳሳተው። በደንብ አላጠብኩት ይሆናል። ነገ እንደገና።

ማክሰኞ

እጄ አልተሳሳተም። ከመመርመሪያው ጋር የመጣው ንጹሕ ናሙና ቁልጭ ብሎ ደመቀ። የሻሼ ግን ፈዞ ውሃ መሰለ።

ጠዋት የመጣውን ወተት ጓሮ ደፋሁት። ወተት መድፋት! ለሚጡ አጥሚት ሠራሁላት፤ ፊቷን አዞረችና ባዶውን ሃይላንድ ታሳየኛለች።

ለባሌ ለደሴ ነገርኩት። "ለእናቴ አንቺው ንገሪያት፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ጀግና ባል! ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? በኛ አገር "ወተትዎ መርዝ አለበት" ማለት "ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር" ከማለት በምን ይለያል?

ዋሸሁ። ደውዬ "ሚጡን ሆዷን አሟታል፣ ወተቱ ለጊዜው ይቆይ" አልኳቸው።

ረቡዕ

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ ማደርም አልቻለም።

በማለዳ እማማ በር ላይ ቆመዋል። ከጋፋት በእግራቸው ነው የመጡት፤ በአንድ እጃቸው ጸበል፣ በሌላው ወተት። "ሆዷን ከሆነማ የሻሼ ወተት ነው መድኃኒቷ" አሉ። ሚጡ እየተንደረደረች መጣች። ክዳኑን ሲከፍቱ ሳይ፣ ሳላስበው ከእጃቸው ነጠቅኋቸው።

ከአማት እጅ መንጠቅ! ከዚያ ወዲያ ምን ውሸት አለ? ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሻጋታ ከመኖ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት እንደሚያልፍ፣ ላሟ ግን ጤነኛ እንደምትመስል።

"እሺ፣ ታፈዪዋለሻ" አሉኝ።

"ማፍላት አያጠፋውም፣ እማማ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "መርዝ ያጠጣኋት እኔ ነኛ እንግዲህ" አሉና ወጡ። ጸበሉን ለሚጡ ትተውላት ሄዱ። ስለሳቸው ሳስብ እንባዬ አልቆም አለኝ።

ሐሙስ

አስፈቅጄ ጋፋት ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ጓዳ አስገቡኝ። የሻሼ መኖ ወንድማቸው ከእብናት የላኩላቸው በቆሎ ነው። መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት፣ ጆንያው ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ለሰው አይሆንም ብለው ለሻሼ ሲያስፈጩላት ነው የከረሙት።

"እህል እንዴት ይጣላል፣ ልጄ? ደግሞስ የወንድሜ እጅ አይደል? ለሰው ባይሆን ለከብት ይሆናል ብዬ።"

እኔስ የወደቀ ቁራሽ አንስቼ ስሜ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁ?

ጓሮ ቆፍረን ቀበርነው። እማማ አማትበው አፈር ሲመልሱ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ወዲያው ተዉት። ሻሼን ግንባሯን እያሻሹ "ይቅር በይኝ" አሏት። ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

ከእንግዲህ ለሻሼ ሣርና ጭድ ብቻ ነው። መርዙ በጥቂት ቀን ከወተቷ ይጠፋል ይባላል።

ቅዳሜ

ሚጡን ሐኪም አየልኝ። "ደህና ናት፣ ክብደቷም ጥሩ ነው" አለ። እሰይ። ገበያ ዞሬ ሙዝ ገዛሁላት።

እሁድ

እማማ ከቅዳሴ መልስ ምሳ የሚበሉት ሁልጊዜ እኛ ጋ ነው። ዛሬ አልመጡም። ሚጡ በሩን ታያለች። እኔም አያለሁ። ናፈቁኝ፤ ተቀይመውኝም ቢሆን ይምጡልኝ።

ማክሰኞ

ወተቱን ራሳቸው ላብራቶሪ ድረስ ይዘው መጡ! "ምራቴ ስትሠራ ልይ" ብለው ነው ጥበቃውን ያለፉት። አጠገቤ ቆሙ። ቅንጣቶቹ ወደ ማግኔቱ ሲሰበሰቡ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አጠብኩ፣ ቀለሙን ጨመርኩ፣ ጠበቅን። ሰማያዊው መጣ። እየደመቀ ሄደ።

"ንጹሕ ነው፣ እማማ!" እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር።

"እስካሁን የጠጣችውስ?" አሉኝ በቀስታ።

ሳምንቱን ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት እሱን ነው። "ሐኪሙ ደህና ናት ብሏል። በቆሎው ከመጣም ብዙ አልቆየ። እርግጡን ግን አላውቅም" አልኳቸው።

"ይሁን። እውነቱን መንገርሽ ይሻለኛል።"

አብረን ቤት ገባን። ወተቱን አፈላሁት፣ በረደ። እማማ ኩባያ ላይ ቀዱ፣ እንደ ደንቡ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ሚጡ ሁለት እጇን ዘርግታለች። ኩባያውን ግን ለእኔ አቀበሉኝ።

"አንቺ ስጫት" አሉኝ።

ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ሰጠኋት።