ለሕያው የተነፋ ጡሩምባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

ደጅ እየጠረግኩ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ አርፈዋል። ሄድኩ። ስልኬን አየሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው በሰው ሞላ። ማሽላ አጫጁ ሁሉ ከነማጭዱ።

ደብተሬ፣ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው። ቀደም ብዬ ተምሬ ቢሆን ኖሮ በስድብ እሞላህ ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄ ነው የያዘኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጄ አስቴር ምጥ ሲጠናባት እዚሁ ደጅ ቆሜ የሰው ያለህ ብዬ ጮኽኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። መኪና ከድልድዩ ወዲህ አይገባም፤ እስከዚያ በቃሬዛ ነው። የሚሸከም ወንድ ጠፋ። ሁሉም ማሳ። ሞተች። ተክሌ ጡሩምባውን ነፋ፣ እንባዬን ሳልጠርግ ሁሉም ደረሱ። ሬሳ ነው የሚወዱት አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብያቸው አላውቅም።

ያን ቀን እግራቸውን ምን ያዘው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5።

ጡሩምባ ነፊውን ተክሌን ጠየቅኩት። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ወሬያችን። ደነገጠ። አልሰማንም እኮ እትዬ ሙሉ፣ ማሽላ ሲደርስ ድምፅ ይውጣል አለኝ። ውሸታም አልኩት።

"እንግዲያው ይሞክሩት። አንቱ እንደሁ በጆሮዎ ካልሰሙ አያምኑም።"

ዓርብ፣ ኅዳር 6። ቀትር።

ሞከርኩት። ጎረቤቴ ዘይነባ ደጄ ላይ ቆማ በ6 ሰዓት እንድትጮህ ተስማማን። እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል፤ ባሏ ለጭነት ሥራ ጀውሃ ከተማ ሄዷል። እኔ የተክሌ ማሳ ውስጥ ቆምኩ። ጆሮዬን አቀናሁ። ወፍ። የማሽላ ቅጠል። ሌላ ምንም።

ስመለስ ዘይነባ ድምፅዋ ሰልሏል። "ኧረ በአላህ እማ ሙሉ፣ ሳልወልድ ሊገድሉኝ ነው" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቁጭ አልኩ።

አልሰሙም ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 8።

የእድር ስብሰባ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ተነስቼ ተናገርኩ። አምቡላንስ እስከ ድልድዩ ይመጣል፤ የጤና ኬላዋ ልጅ በየጊዜው የምትነግረን ነው። ቃሬዛ አለን። ትከሻ አለን። ወንዝ የሚሻገር ጡሩምባ አለን። ታዲያ ለሬሳ ብቻ ለምን?

ሊቀ መንበሩ፣ በሕያው ላይ ጡሩምባ መንፋት ሟርት ነው አሉ። ከአጨዳ በኋላ ይታይ ተባለ። የዘይነባ ሆድ አጨዳ እስኪያልቅ ሊጠብቃቸው ነው!

ዘይነባን ራሷን ግን ማንም አልጠየቀም። እኔ ጠየቅኳት። እያማጥሽ ጡሩምባ ብትሰሚ አትደነግጪም? አሰበች። አስቀድሜ ካወቅሁ አልደነግጥም፣ ሊሸከሙኝ እየመጡ ነው እላለሁ አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11።

ተክሌ ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ መጣ። ለሊቀ መንበሩ አልነገረም። እኔ ማሳ ነኝ፣ አንቱ ቤት ይሁን አለ። እንዳይሰማ የጡሩምባውን አፍ በጨርቅ ወትፈን ተለማመድኩ። መጀመሪያ እንደ ታመመ በሬ። ከንፈርዎን ያጥብቁ ይለኛል። ሲወጣልኝ ጊዜ፣ "እኛ ደግሞ ትንፋሽዎን ለቁጣ ብቻ መስሎን" አለ። ገፋ አደረግኩት። ለሞት አንድ ረጅም ነው፤ ለምጥ ሦስት አጭር ይሁን ተባባልን።

ሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ፊደሌ ተጣሟል። ረፋድ ላይ ዘይነባ እኔ ቤት ሳለች የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ወደ ጤ/ጣቢያ ደወልኩ፤ መኪናው ተነሳ። ልንፋው? አልኳት። "ይንፉት" አለች ጥርሷን ነክሳ።

ሦስት አጭር ነፋሁ። ማን ቢቆጥር! ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፣ መቃብር ሊቆፍሩ። ባዶ እጁን የመጣው ተክሌ ብቻ። ሊቀ መንበሩ እያለከለኩ ማን ሞተ? አሉ። ማንም፤ ቃሬዛውን ያንሱ አልኳቸው። ቆመው አዩኝ። ከውስጥ የዘይነባ ድምፅ መጣ፦ "አልሞትኩም፣ ፍጠኑ እንጂ!" አንዱ ሳቀ። ዶማቸውን ጣሉ። ትከሻ እየተቀባበሉ ወሰዷት። ሊቀ መንበሩ ከፊት።

ከዚያ ደጅ ቁጭ። አልበላሁም።

አሁን ተክሌ ደወለ። ሴት ልጅ። ደም ብዙ ፈስሷት ነበር፤ ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር ብላለች አዋላጇ። ተርፋለች። ሁለቱም ደህና። አስቴርንም የገደላት ደም ነበር።

ዶማዎቹ ደጄ ላይ እንደተጋደሙ ናቸው። ነገ ሊወስዱ ይመጣሉ። አሥራ አንድ ዓመት የነፈግኳቸውን ሰላምታ እሰጣቸዋለሁ፣ በየስማቸው እየጠራሁ።

ጡሩምባውን ግን አልመልስም። ሰው ሲሞት መጥተው ይዋሱኝ።