ከሻይ መልስ የተነሳው የስም ሰሌዳ

እህት ዓለም፣

እዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታዪው ሐይቅ ከስብሰባው አዳራሽ መስኮት ይታያል፤ እኔ ግን ዛሬ ሌላ ነገር ሳይ ዋልኩ። ስድስት ዓመት በየስብሰባው ከጎኔ ከሚቀመጠው የጎረቤት አገር ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ጋር ሻይ ጠጥተን ስንመለስ፣ አንዲት ሠራተኛ የስም ሰሌዳውን ከጠረጴዛው ላይ ስታነሳ ደረስን። ለካ ከሥልጣን መነሳቱ ከአገሩ ተደውሎ ተነግሯል። ቆሌዬ ተገፈፈ።

ኮሪደር አወጣሁትና «ለባለቤትህ ደውልላት እንጂ» አልኩት።

«ቢሮው የሰጠኝን ሞባይል ዘጉት። ቁጥሯን ደግሞ በቃሌ አላውቀውም፤ ሁልጊዜ ጸሐፊዬ ናት የምታገናኘኝ» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ቀና ብል እንባው መጥቷል።

እኛ ጋ ቢያንስ የስንብት ደብዳቤው በእጅ ይሰጣል። የቀድሞው አለቃዬ ግን ዕቃውን በካርቶን ታቅፎ ሲወጣ ሊፍት ውስጥ ሰላም ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩትም።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ገንዘብ ይታተም የሚለውን ወረቀት አልፈርምም ብዬ ለሚኒስትሩ መልሼለት ነው የመጣሁት። ካንቺ ጋር ማህደር ስንደረድርበት ከነበረው ምድር ቤት እስከ ምክትል ገዥነት ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል።

ቦታ አለቀብኝ፤ ጠርዙን እያዞርሽ አንብቢው። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ደም ግፊቷ ይነሳል። እኔም ራሴን ፈተንኩት፤ በቃሌ የማውቀው ያንቺን ቁጥር ብቻ ነው። ሰሞኑን ከማታውቂው ስልክ ከተደወለልሽ አንሺው፤ እኔ ነኝ።