ያልተጠራው ድንጋይ

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሃል? አንተን ብቻ ብጠይቅ እግሮችህ ይቀየሙኛልና እነሱንም ለየብቻ ልጠይቅ። የቀኝ ጉልበትህ እንዴት ነው? በብርድ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ማለቱን ተወ? ባቶችህ ደህና ናቸው? ያ ጠቁሮ የወለቀው የአውራ ጣትህ ጥፍር በቀለ? አዲሱ የሩጫ ጥንድህ ዳቦ ጋጋሪውስ ደህና ነው? እሱን የጠየቅኩት ለይሉኝታ ያህል ነው፤ መልስ አያስፈልገኝም።

«እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። በደብዳቤ መዋሸት ስለማልወድ፣ እኔ ከቁርጭምጭሚቴ በቀር ደህና ነኝ። አንተን ገና አልናፈቅኩህም። ቂሜን ስጨርስ እጀምራለሁ።

ደውለህልኝ ነበር አሉ። የነገረችኝ እናትህ ናት። ስልኩ እንኳ አጠገቤ ነበር፤ ግን የዘንድሮ ስልክ መጥራት ትቷል። ቢጠራም ሰው የሚያወራው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ በብዕር እንነጋገር፤ ብዕር ቢያንስ አያጉተመትምም።

መጀመሪያ የእግሬን ዜና ስማ። እብጠቱ ጎድሏል። ቀለሙ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ነበር፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ አሁን ቢጫ ላይ ደርሷል። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ አይቶ ለመጋረጃ የሚሆን ቀለም ነው ብሎኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ እያስቀመጥኩበት፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ። ፋሻውን ከጣቶቼ ሥር ጀምሬ ወደ ላይ ጠመጠምኩ። ሁሉም አንተን ያስተማርኩህ ነው፤ ለራሴ ሳደርገው ግን አስጠላኝ። ሌላውን ሲያሙት የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ በራስ ሲመጣ እንደሚመረው ነው መሰለኝ።

አሁን ጥርሴን ስፍቅ በታመመው እግር ብቻ ትራስ ላይ እቆማለሁ፤ ሚዛኑ እንዲመለስልኝ። ሥራ ሳይኖር ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአውራ ጣቴ አየር ላይ ፊደል እጽፋለሁ፤ ጅማቱን ያፍታታዋል። ከሀ እስከ ፐ ስመላለስ ሰለቸኝና ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ስለ አንተ ሆኗል። በእግሬ የጻፍኩልህን በእጄ ብጽፈው ፖስታ ቤቱ አይቀበልልኝም።

ቂሜን ደግሞ ከሥሩ ላስታውስህ፤ የረሳኸው ስለሚመስለኝ።

አስፋልት ሲሮጥ የኖረ እግር ይዘህ እኔ ጋ በመጣህ ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ቁልቁለት የወረድከው እንደሚያሳድዱት ሌባ ነበር። በማግስቱ የቤቴን ደረጃ የኋሊት ስትወርድ እናትህ አይታ «ልጄን ምን አደረግኸው? አበደብኝ!» ብላ ልትገድለኝ ነበር። አላበድክም፤ ጭኖችህ ነበሩ የታሰሩት። ዳገቱ የሚጎዳው ባትንና የተረከዝን ጅማት ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ጭንን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይፈልጋል ብዬ ያስረዳሁህ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ከራሴ እግር ላይ ነው ያነበብኩት። እርምጃህን አሳጥር፣ ሰውነትህን ወደ ኋላ አትጣል፣ ተረከዝህን መሬት ውስጥ የምትቀብረው ይመስል አትርገጥ፣ እያልኩ ስጨቀጭቅህ ከረምኩ። ቅልጥምህ እሳት ሲሆንብህ እንድታርፍ ነገርኩህ። አላርፍም ስትል ጫማህን ሱቄ ውስጥ በትልቁ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ውስጥ ደበቅኩት። ሰዓቱ ለምን ቆመ ብለው ደንበኞች ሲጠይቁኝ፣ በሽተኛ ውጦ ነው አልኳቸው። ቅልጥምህ የዳነው በዚያ ሰዓት ነው እንጂ በብልሃትህ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን መጥራትን አስተማርኩህ። በጥንድ ስንወርድ ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፤ ከኋላ ያለው ግን የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ይጠራል፤ ድንጋይ! ጭቃ! ሥር! የኋለኛው እሺ ብሎ ይመልሳል። ስንት ቁልቁለት በአንተ ድምፅ ብቻ ወርጃለሁ? ጭጋግ ጀርባህን እንኳ ሲሸፍንብኝ ድምፅህን ይዤ ወርጃለሁ።

የዚያን ዕለት ግን አልጠራህም።

እንዴት እንደነበረ ላስታውስህ። ጠዋት ዘንቦ መሬቱ ያዳልጥ ነበር። ኮረብታው ላይ ካለው የውሃ ጋን በታች፣ መንገዱ በሚጠብበት ቦታ፣ አንተ ዘለህ አለፍክ። እኔ ስረግጠው ድንጋዩ ከሥሬ ተንከባለለ። ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውጭ ዞረ፤ ጉልበቴ ሌላ ድንጋይ ላይ አረፈ። ተመልሰህ ወጣህና «ጋሼ፣ ጠርቼልህ ነበር እኮ! ሁለት ጊዜ!» አልከኝ። እሺ ሳልልህ ስቀር ትንፋሽ የምቆጥብ መስሎህ ነበር አሉ። ይህን እንኳ አልፍልህ ነበር። ያጠፋ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላል።

ያላለፍኩልህ ታች የሆነውን ነው። ወጌሻው እግሬን ይዞ፣ የሩጫ ክበባችን ሰው በሙሉ ከቦኝ ሳለ፣ «ጠርቻቸው ነበር፤ እሳቸው ናቸው የማይሰሙት» አልክ። ይህንን በደንብ ሰማሁት፤ ፊት ለፊቴ ነበርክ። ከመጣህ ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖርክ ልጅ፣ በአንዲት ወለምታ እሳቸው አደረግከኝ! ወለምታ እንደዚህ የሚያስከብር ከሆነ አጥንቴ ቢሰበር ኖሮ ምን ልትለኝ ነበር? ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ወጌሻው ሳይቀር። ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ጆሮዬን አየኝ።

ከዚያ የክበቡ ሰብሳቢ ብርቱካን ይዞ ቤቴ መጣ። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው ክፉ ነገር ሊናገር እንደሆነ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኛ ስንሮጥ ሰዓት ብትይዝልን? ያው የሰዓት ሰው ነህ» አለኝ። የሰው ሰዓት ስጠግን የኖርኩት አይበቃኝምና ዳር ቆሜ የእናንተን ልቁጠር። ብርቱካኑን ግን በላሁት። አንተ ደግሞ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ስትለማመድ ታየህ። ዳገት ላይ አይቼዋለሁ፤ ሊጡ እንኳ ሲነሳ ከእሱ ይፈጥናል።

አይሰሙም ያልከው ወሬህም የትም ደርሷል። ሰው ሁሉ ተማክሮ የሚሠራብኝ ይመስላል። እናትህ በእርጅናዋ ማንሾካሾክ ጀምራለች። ምን አልሽ ስላት ደግሞ ትጮህብኛለች፤ መሃል የላትም። ባለፈው ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ሱቄ ዘሎ ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ ከነበሩት ሰዓቶች አንዱን፣ ባለደወሉን፣ አንስቶ አናቱን መታውና «ከጠዋት ጀምሮ! ከጠዋት ጀምሮ ሰውዬ! ደንበኛ ሸሸብኝ!» አለኝ። ሞላውን እየፈተንኩት ነው አልኩት። አፍጥጦ አየኝና ወጣ። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። እንደዚያ ሲያዝንልኝ በመቀሱ ቢወጋኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዓቶቹም እንደ ድሮ አይደሉም። ድሮ ሰዓት ጆሮህ ላይ ስታስጠጋው ሕመሙን ይነግርሃል። አሁን ዝም። የኋላውን ከፍቼ ሳየው ግን ጥርሱ ይዞራል፣ ሁሉም ነገር ይሠራል። ርካሽ ሥራ ሆኗል ዓለሙ።

ሐኪም ጋም ሄጃለሁ፤ እናትህ ጎትታ ወሰደችኝ። ወጣት ነው፤ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ለወረቀቱ ያወራል። ቀና በል ስለው ቀና አለ። አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱም ይጠግናል፣ ከሩጫ አልከለክልህም፣ አለኝ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ከኋላዬ የሆነ ነገር አለ መሰለኝ፣ እናትህ ክንዴን ያዘችኝ። ለካ ለጆሮ ክፍል ሊልከኝ ነው! ቁርጭምጭሚት ይዤለት ብሄድ ጆሮ አገኘብኝ። አልሄድኩም። እናትህ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም፤ ወይም አናግራኛለች፣ በዚያ በማንሾካሾኳ።

አሁን የምጽፍልህን ግን ለማንም አልነገርኩም። ለእናትህ እንዳትነግር።

ወጌሻው ቀስ እያልክ ጀምር ስላለኝ ቁርጭምጭሚቴን በፋሻ አጥብቄ ብቻዬን ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ዳገቱን በእርምጃ፣ ሜዳውን በሶምሶማ። ቁልቁለቱን ስጀምር አንድ ነገር ትከሻዬን ገጭቶኝ አለፈ። ቀጥሎ ሌላ። የሴቶቹ ቡድን ነበር፣ እየወረዱ። የመጨረሻዋ ቆማ ተመለሰች፤ ያቺ ፀጉሯን በቀይ ጨርቅ የምታስረው። ተናድዳለች። «አባባ፣ ከኩርባው ጀምረን መንገድ መንገድ ስንል! ሦስታችንም!» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ቁጣዋ ወረደ። «ይቅርታ አባባ፣ ተመቱ እንዴ?» አለችኝ። አልተመታሁም አልኳት። አባባ!

ተመልሼ ውሃ ጋኑ ሥር ተቀመጥኩ። ነፋሱ ሳሩን ሲያስተኛውና ሲያነሳው አየሁ። ያ ሁሉ ሳር እንደዚያ ሲተራመስ ምን ዓይነት ጸጥታ ነው አልኩ። ብዙ ቆየሁ።

እዚያ ተቀምጬ ያቺን ቀን ደግሜ ወረድኳት። አንተ ትዘላለህ። አንገትህን ወደ እኔ ታዞራለህ። አፍህ ተከፍቷል፤ ጥርስህ ይታየኛል። ከዚያ ድንጋዩ። ታውቃለህ፣ በአንተ ላይ የያዝኩት ቂም የድንጋዩ አይደለም። ያን ፊትህን ነው የያዝኩብህ። ጥርስህን ሳይ የምትስቅ ነበር የመሰለኝ። ሽማግሌው ደከመው ብለህ፣ ዞረህ የሳቅክብኝ። እግሬን ሰቅዬ በተኛሁበት ያ ሳቅህ ከወለምታው ይልቅ ሲጠዘጥዘኝ ነው የሰነበተው።

እና ልጠይቅህ። እየሳቅክ ነበር? እየሳቅክ ከነበረ ንገረኝና ቂሜን በሰላም ልያዝ። እየሳቅክ ካልነበረ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለቂም የሚሆን በረዶና ፋሻ አለኝ፤ ለዚያኛው የለኝም። እንዲያውም አትንገረኝ።

የመጪው የጥንድ ሩጫ ምዝገባ እንዳልተዘጋ ሰብሳቢውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ይቅር አላልኩህም። ይቅር የምልህ ነገር መኖር አለመኖሩን ገና አጣርቼ አልጨረስኩም። ይቅርታ ሌላ ነው፣ ሩጫ ሌላ ነው። ዳቦ ጋጋሪውን በደህና ቃል አሰናብተውና ና። መምጣትህን በስልክ አትንገረኝ፤ ዝም ብለህ ና። ድሮ ከነበርኩት ቀርፋፋ ነኝ፤ ከእሱ ግን አልብስም።

እንደ ልማድህ ከፊት ሁን። መጮህህን ግን ተው። የእናትህን ቤት ያስተዳድራል የተባለ ትልቅ ሰው ጫካ መሃል ድንጋይ ድንጋይ እያለ ሲጮህ ደስ አይልም፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ድንጋይ ስታይ ቀኝ እጅህን አንሳ። ጭቃ ከሆነ ግራህን። ሥር ከሆነ ሁለቱንም። እኔ ዓይኔን ከእጆችህ ላይ አልነቅልም። ታዲያ እግርህን ማን ያይልሃል ትለኝ እንደሆነ፣ አንተን ከፊት ያስቀደምኩህ ለዚያ ነው።

ጉልበትህ አይክዳህ። ጅማትህ ይጽና። የረገጥከው ሁሉ ይርጋልህ።

ገና ያልታረቀህ አጎትህ