የእናቴን ድምፅ ስለጠበቃችሁልኝ

ለተከበሩ የቤት ኮምፒዩተር መጠባበቂያ ፕሮግራም አምራች ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ፕሮግራምዎ ከጠረጴዛው እንዳልርቅ ስላደረገኝ፣ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ።

እናቴ በሕመም ምክንያት አንደበቷ ከተያዘ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ባዘዘችው መሠረት፣ ጤነኛ ሳለች የቀረጽነውን የራሷን ድምፅ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እያሰማናት ሦስት ቃላት መልሳ አግኝታ ነበር፤ «ውሃ»፣ «ልጄ» እና «እምቢ»። ያ ድምፅ ያለው በዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ወንድሜ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ሌላ ቅጂ እንዲያስቀምጥልን ፕሮግራምዎን ከአንድ ተጨማሪ ዲስክ ጋር ገዝቶ ሰጠኝ። ምስጋናዬን እንግዲህ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ገና ስከፍተው «ምን ይጠበቅልዎ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። እኔም ሆዳም ነኝና «ሁሉም» የሚለውን ነካሁ። «ሁሉም» ሲባል ቅጂው የሚቀመጥበትን ዲስክ ራሱን እንደሚጨምር አለማወቄ የእኔው ጥፋት ነው። ፕሮግራሙ ቅጂውን ይገለብጣል፤ ቀጥሎም የቅጂውን ቅጂ ይገለብጣል። ሲጀምር ስድስት ሰዓት ይቀረው ነበር፤ ዛሬ፣ በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ አርባ አንድ ቀን ይቀረዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

፪ኛ፦ እስኪጨርስ ድረስ የእናቴ ድምፅ «በጥበቃ ላይ» ነው ተብሎ ለእኛም ተቆልፎብናል። ሌባ ቢመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ባለቤቶቹም እንዲሁ።

፫ኛ፦ ላቋርጠው ስል፣ የተቆለፈው ሁሉ ሊጠፋ እንደሚችልና ኮምፒዩተሩንም ማጥፋት እንደሌለብኝ በቀይ ጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ገመዱን ማንም እንዳይረግጠው ወንበሬን አስጠግቼ፣ መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ ተቀምጫለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ብነካውም እፈራለሁ፣ ብተወውም እፈራለሁ።

፬ኛ፦ አምስት ጊዜ ጽፌልዎ አምስት ጊዜ «ፕሮግራሙ በትክክል እየሠራ ነው» የሚል ፈጣን መልስ ስለሰጡኝ ውለታዎ አለብኝ። ስድስተኛውን በአደባባይ የጻፍኩት፣ ይህን የመሰለ ቅልጥፍና ለብቻዬ መደሰቻ ማድረጉ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ ነው።

የማይቋረጥ ጤና ከማይቆለፍ በር ጋር እየተመኘሁልዎ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የአንድ ዲስክ ዘበኛ

ማስታወሻ፦ ከሦስቱ ቃላት «ልጄ» የምትለዋ ባለፈው ሳምንት ጠፍታለች። ሆኖም ፕሮግራምዎ ያለ ፍሬ አልቀረም፤ እናቴ አዲስ ቃል ተምራለች። ያስተማርናትም እኛው ነን፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ በጣቷ ባመለከተች ቁጥር የምንላት ቃል ነው። ትናንት ወንበሬ ላይ ሳለቅስ አገኘችኝና ራሴን እየዳበሰች «ታገሺ» አለችኝ።