ከወንበሩ ጀርባ ያለው አልጋ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ አሶሳ

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛዋን ትንሽ የአሻንጉሊት መኪና ላከችልኝ። ሟቹ ባሌ ይነዳው የነበረው ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና አምሳያ ናት። በሯ ይከፈታል። መነጽሬን አድርጌ ውስጧን ሳይ ከወንበሮቹ ጀርባ አልጋ አገኘሁ።

እናቴ ነቀምቴ ታማ በተኛች ጊዜ ባሌን ውሰደኝ ስለው፣ «ጋቢናው ለእኔና ለረዳቴ ብቻ ነው፤ የት ላስቀምጥሽ?» አለኝ። አውቶቡስ ጠብቄ ስደርስ ተቀብራለች። ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር፤ አሁን ይጻፍ።

አሻንጉሊት ሠሪው ከራሱ ጨምሮ ይሆናል እንዳልል፣ አሥራ አንዱን መንገድ ላይ ካሉት መኪኖች ጋር አስተያይቻቸዋለሁ፤ ልክ ናቸው። ስለዚህ አሮጌ ኤንትሬ ወደቆመበት ወደ ዑመር ጋራዥ ሄድኩ።

«ዑመር፣ ይሄ መኪና አልጋ አለው?»

«አለው እንጂ እትዬ ጫልቱ። ጋቢናውን ባዶ ይዞ የሚሄድ ሾፌር አይተው ያውቃሉ? እዚያ ላይ ሦስት ሰው ይደረደራል። ምነው፣ ሊከራዩት ነው?»

«አትቀልድ። ደግፈኝና ልውጣ።»

ወጥቼ ተጋደምኩበት። እግሬን ዘረጋሁ፤ ቦታም ተረፈ። ባሌ ቢኖር «እዚህ ላይ ማንን ትጭን ነበር?» እለው ነበር። እዚያ ተኝቼ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ተጋድሞ የሚሄድ ሰው መንገዱን ያያል ወይስ ሰማዩን ብቻ? መኪናው ካልሄደ አይታወቅም፤ ሞተሩ ደግሞ ወልቋል። ሲገጥመው እንዲጠራኝ ለዑመር ነግሬው መጣሁ።